አንድ ዲስክ ለመላው ቤት

ባሌ ውስጥ፣ አንገቱ በምትባል ከተማ ወዳለ አንድ ቤት በሐሳባችን እንግባ። ማታ ነው፤ ቡናው በረካ ላይ ደርሷል። እናት የትልቋን ልጃቸውን የሠርግ ቪዲዮ ማየት አሰኝቷቸዋል። ቪዲዮው ሮቤ፣ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጃቸው ለእረፍት ሲመጣ ይዞት በመጣው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። ዲስኩ በአጭር ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ታስሯል፤ ላፕቶፑ ላይ ልጁ የመመረቂያ ጽሑፉን ይሠራል። ታናሽ እህቱም ከዚያው ዲስክ የ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ትምህርት ትፈልጋለች። «ወንድምዬ፣ አንዴ ነቅለህ ስጠኝ» ትለዋለች። «ቆይ፣ ኮፒ እያደረግኩ ነው» ይላታል። እናት ይጠብቃሉ። ቡናው ያልቃል፤ ቪዲዮው ሳይታይ ይታደራል።

ይህ ወረፋ ስንት ቤት አለ! ዲስኩ ይነቀላል፣ ይሰካል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንድ ቀን ደግሞ ከእጅ ያመልጥና መሬት ይመታል፤ የዓመታት ፎቶግራፍ በአንድ ሰከንድ ይጠፋል። ዛሬ የምንተዋወቀው ዘዴ ዲስኩን አንድ ቦታ አስቀምጦ ቤተሰቡ በሙሉ፣ በየስልኩና በየኮምፒውተሩ፣ ያለ ገመድ እንዲጠቀምበት ያደርጋል። ጎተራ ከግቢ አይነሳም፤ እህል የፈለገ ወደ ጎተራው ሄዶ ይሰፍራል። ለዲስክም እንዲህ ያለ ቋሚ ቦታ መስጠት ይቻላል።

ዋይፋይና ኢንተርኔት

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። «ዋይፋይ አለ ወይ?» ብለን ስንጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ «ኢንተርኔት አለ ወይ?» ማለታችን ነው። በአፋችን አንድ ቢሆኑም ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ዋይፋይ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ዕቃዎች ያለ ገመድ የሚነጋገሩበት የሬዲዮ ሞገድ ነው። ኢንተርኔት ከቤቱ ወጥቶ ወደ ዓለም የሚዘልቀው መንገድ ነው። ራውተር የምንለው ትንሽ ሣጥን ሁለቱ የሚገናኙበት በር ነው። የውጭው በር ቢዘጋ እንኳ በጓዳና በሳሎን መካከል መነጋገርን የሚከለክል የለም።

ስለዚህ የዳታ ጥቅሉ ቢያልቅ፣ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ጭራሽ የኢንተርኔት መስመር ያልገባበት ቤት ቢሆን፣ ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ የቤቱ ኔትወርክ ይሠራል። ከዲስኩ የሚታይ ፊልም አንድ ሳንቲም የዳታ ሒሳብ አይቆጥርም፤ የሚጓዘው ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ብቻ ነውና። ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም፣ ይቀጥል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ «ይቀጥል» ነው። አንዳንድ ስልክ ይህን ካላረጋገጡለት በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ይሻገራል፤ ያኔ ዲስኩ «ጠፋ» ይባላል፤ የጠፋው ግን ስልኩ ነው።

እንዲህ ያለው የቤት ውስጥ ጎተራ ምን እንደሚጠቅም አገራችን ከእጦቱ አይታለች። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት በሳተላይት ይሰራጭ ነበር። ትምህርቱ ከማዕከል የሚተላለፈው በተቆረጠለት ደቂቃ ነበር። በዚያች ደቂቃ መብራት ከሄደ ክፍለ ጊዜው አለፈ፤ ያልገባው ተማሪ «ይደገምልኝ» ሊል አይችልም ነበር፤ መምህሩም ሊያስቆመው አይችልም ነበር። በቤት ዲስክ ላይ የተቀመጠ ትምህርት ግን ተማሪዋን ይጠብቃል። መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል፤ እስኪገባት ሦስቴ ይደግማል። እሷ ሒሳብ ስታይ ወንድሟ ታሪክ ሊያይ ይችላል፤ ሁለቱም ከአንዱ ዲስክ፣ በአንድ ሰዓት።

ዲስኩ ሲከፈት

ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ያለው ዕቃ ነው። ሳህኑ ከአልሙኒየም ወይም ከመስታወት ይሠራል፤ ላዩ በስስ ማግኔት ይለበጣል። ብዙዎቹ በኪስ የሚያዙ ዲስኮች በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራሉ፤ በሰከንድ 90 ጊዜ ማለት ነው። ከሳህኑ በላይ አንዲት ጭንቅላት ከዳር እስከ መሐል እየተመላለሰች ታነባለች፣ ትጽፋለች።

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም ያወጣው ራማክ ነው። 50 ሳህኖች ነበሩት፤ የእያንዳንዱ ስፋት 24 ኢንች፤ ክብደቱ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ። ያ ሁሉ ብረት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በአንድ ስልክ የምናነሳት አንዲት ጥሩ ፎቶግራፍ ያን ያህል ቦታ ትፈጃለች። ዛሬ በእጅ መዳፍ የሚያዘው ባለ አንድ ቴራባይት ዲስክ 1,000 ጊጋባይት ይይዛል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ጭንቅላቷ ሳህኑን አለመንካቷ ነው። ሳህኑ ሲዞር አየሩን አብሮት ይጎትታል፤ ያ አየር ጭንቅላቷን ከታች ደግፎ ያንሳፍፋታል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የጥቂት ናኖሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች ናኖሜትር ይቆጠራል። ዲስክ እየሠራ ሳለ መናወጥ የማይወደው ለዚህ ነው። ጭንቅላቷ ሳህኑን ከነካች ትፍቀዋለች፤ የተፋቀው አይመለስም። አንድ ቦታ ተቀምጦ በዋይፋይ የሚያገለግል ዲስክ ዕድሜው የሚረዝመውም ለዚህ ነው፦ ሲሠራ የሚያንቀሳቅሰው እጅ የለም።

አየርን ካነሳን፣ የባሌን ሰው በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳ ጭንቅላቷን የሚደግፋት ይቀንሳል። ብዙ አምራቾች ተራ ሃርድ ዲስክ ሥራ ላይ ሳለ ከ3,048 ሜትር በላይ እንዳይወጣ ያስጠነቅቃሉ። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ወደ 2,750 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ከልኩ በታች ስለሆኑ ችግር የለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ግን ከልኩ ትበልጣለች። እዚያ ለሚኖር ሰው የሚሻለው ኤስኤስዲ የሚባለው የዲስክ ዓይነት ነው፤ የሚዞር ሳህን፣ የምትንሳፈፍ ጭንቅላት ስለሌለው ለከፍታ አይጨነቅም።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ እናስብ። መንገዱ ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከመንገዱ የባሌ ተራሮች ቁንጮ ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትር ይታያል። ቀይ ቀበሮ የሚያድንበት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ ይህ ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከሁለት ሦስተኛ ያነሰ ነው። ከሮቤ ለእረፍት የሚወርድ ተማሪ በመኪናው ውስጥ ጊዜ ለማሳለፍ ላፕቶፑን ከፍቶ ከዲስኩ ፊልም ማየት ያምረው ይሆናል። በሳነቴ ላይ ይህን አያድርግ። ዲስኩ ጠፍቶ፣ በጋቢ ወይም በሹራብ ተጠቅልሎ ቦርሳው መሐል ይቀመጥ። የጠፋ ዲስክ ጭንቅላቷ ማረፊያዋ ላይ ስለሆነች ከፍታም ንዝረትም ብዙ አይጎዳውም።

መንገዱ ከሳነቴ አምባ ቁልቁል ሪራን አልፎ ሐረና ደን ይገባል፤ ብርዱ በሰዓታት ውስጥ ወደ ሞቃትና እርጥብ አየር ይለወጣል። የሐረና ቡሉቅ ወረዳ ከተማ አንገቱ የሚገኘው በዚህ በደኑ በኩል ነው። ከብርድ የመጣ መነጽር ሙቅ ቤት ሲገባ እንደሚያላብ ሁሉ ዲስኩም ያላባል። ስለዚህ ቤት እንደተደረሰ ወዲያው አይሰካ። ከቦርሳ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ያህል የቤቱን አየር ይልመድ፤ ያኔ ይሰካ።

ራውተሩ እንዴት ያጋራል

ራውተር ራሱ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ብዙዎቹ በውስጣቸው ሊኑክስ የሚባለው ነጻ ሥርዓት አላቸው። ከጀርባው ወይም ከጎኑ የፍላሽ መሰኪያ የመሰለ ቀዳዳ ካለው ዲስክ ማጋራት የሚችል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሥራውን የሚሠራው ሳምባ የሚባል ፕሮግራም ነው። በአማርኛ ስሙ የምንተነፍስበትን አካል ያስታውሳል፤ በእርግጥም የብዙ ቤትና ቢሮ ኔትወርክ የሚተነፍሰው በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አይቢኤም ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጋሩበትን ቋንቋ ሠራ፤ ማይክሮሶፍት ወሰደው፣ አሳደገው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድሩ ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ ተማሪ በኔትወርክ ላይ የሚያልፈውን መልእክት እያጠና ያንን ቋንቋ ተረዳው፤ ሌሎች ማሽኖችም እንዲናገሩት የሚያስችል ፕሮግራም ጽፎ ለዓለም በነጻ ሰጠ። ያ ስጦታ ነው ዛሬ ርካሽ በሆነች ራውተር ውስጥ ሆኖ የሚያገለግለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዲስኩን ራውተሩ ላይ ይሰኩ። በኮምፒውተር ወይም በስልክ የኢንተርኔት መክፈቻውን ከፍተው የራውተሩን አድራሻ ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ከራውተሩ ሆድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይገኛል። የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ገብተው «ዩኤስቢ» ወይም «ስቶሬጅ» የሚለውን ክፍል ይፈልጉ። እዚያ ፋይል ማጋራቱን ያብሩ፤ ለተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃል ይስጡ፤ የሚጋራውን ፎልደር ይምረጡ።

ከዚያ በኋላ በዊንዶውስ ኮምፒውተር የፎልደሮች መስኮት ላይ፣ የአድራሻው ቦታ፣ ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሰረዞች ጽፎ የራውተሩን አድራሻ ማስከተል ይበቃል፤ ዲስኩ ይከፈታል። በስልክ ቪኤልሲ የተባለው ነጻ የቪዲዮ ማጫወቻ የቤቱን ኔትወርክ ፈትሾ ዲስኩን ያሳያል። ብዙ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖችም ራውተሩ ቪዲዮ ለቴሌቪዥን የሚያቀርብበት አገልግሎት ካለውና ከበራ በራሳቸው ያገኙታል። እናት የፈለጉት የሠርግ ቪዲዮ በትልቁ መስኮት ይታያል፤ ልጁም ከጽሑፉ አይነሳም።

ራውተሩ መሰኪያ ከሌለውስ? ያኔ ዲስኩ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይሰካና ኮምፒውተሩ ያጋራዋል። ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ሼሪንግ» የሚለውን መምረጥ ነው። ጉድለቱ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ጎተራው መዘጋቱ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ለዚህ ሥራ ብቻ ሊያውለው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የወጣችው ራዝበሪ ፓይም የመታወቂያ ካርድ የምታክል፣ መብራት የምትቆጥብ ኮምፒውተር ናት፤ ቀኑን ሙሉ ብትበራ አትከብድም።

ፎርማት የሚባለው ነገር

ዲስክ ባዶ መሬት ሳይሆን በመደብ የተከፋፈለ ማሳ ነው፤ አከፋፈሉን «ፎርማት» እንለዋለን። ሦስት ዓይነት በብዛት ያጋጥማሉ። ፋት32 አሮጌ ነው፤ ሁሉም ራውተርና ቴሌቪዥን ያነበዋል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ረጅም የሠርግ ቪዲዮ፣ ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ አልገለበጥ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ኤክስፋት ትልቅ ፋይል ይይዛል፤ አሮጌ ራውተር ግን ላያውቀው ይችላል። ኤንቲኤፍኤስ የዊንዶውስ ነው፤ ትልቅ ፋይልም ይይዛል፤ ከሦስቱ መብራት ድንገት ሲጠፋ የተሻለ የሚቋቋመውም እሱ ነው፤ ሊሠራ ያሰበውን አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚጽፍ ሥራው ቢቋረጥ የት እንደደረሰ ያውቃል።

ራውተሩ ኤንቲኤፍኤስን የሚያነብ ከሆነ ለቤት የሚመረጠው እሱ ነው። ፎርማት መለወጥ ግን በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ስለዚህ ይህ ውሳኔ ዲስኩ ገና ባዶ ሳለ፣ አዲስ ተገዝቶ ሲመጣ የሚወሰን ነው።

ፍጥነትና ግድግዳ

በዋይፋይ የሚመጣ ፋይል በገመድ እንደሚመጣው አይፈጥንም። በገመድ አዲስ ዲስክ በሰከንድ ወደ 100 ሜጋባይት ያስተላልፋል። በመካከለኛ የቤት ዋይፋይ ግን በሰከንድ 5 ሜጋባይት ማግኘት የተለመደ ነው። ልዩነቱን በሒሳብ እንየው። 200 ጊጋባይት የትምህርት ቪዲዮ በገመድ ከሰላሳ ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል፤ በዋይፋይ 11 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ጎተራውን ሲሞሉ በገመድ፣ ከጎተራው ሲቆነጥሩ በዋይፋይ ይሁን።

ለማየት ሲሆን ዋይፋዩ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት ሰዓት የሚረዝም፣ 2 ጊጋባይት የሆነ ፊልም ሳይቆራረጥ ለመታየት በሰከንድ የአንድ ሜጋባይት ሲሶ እንኳ አይፈልግም። ሦስት አራት ሰው በአንድ ጊዜ የተለያየ ነገር ቢያይ ይበቃል።

የቤቱ አሠራር ግን ይወስናል። ብዙ ራውተሮች ሁለት ሞገድ አላቸው። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ይዘገያል፤ ግድግዳ ግን የተሻለ ያልፋል። 5 ጊጋኸርዝ ይፈጥናል፤ በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። ደረቅ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ሞገዱን ያሳልፋል፤ የብሎኬትና የድንጋይ ግድግዳ ያዳክመዋል። ከሁሉ የከፋው ቆርቆሮ ነው፦ ብረት የሬዲዮ ሞገድን ወደመጣበት ይመልሳል። በቆርቆሮ የተከፈለ ክፍል ውስጥ ያለ ስልክ ራውተሩ አምስት እርምጃ ላይ ሆኖ ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ ራውተሩና ዲስኩ ከቤቱ መሐል፣ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ፤ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ አይቆለፉ። ዲስኩ አጠገቡ ተነፋፍሶ፣ ከእሳትና ከጭስ ርቆ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን።

መብራት ሲሄድ

የቤት ዲስክ ትልቁ ጠላት ድንገት የሚጠፋና ድንገት የሚመጣ መብራት ነው። አንድ ሰው ፋይል እየጻፈበት ሳለ ኃይል ቢቋረጥ ያ ፋይል ይበላሻል፤ አንዳንዴ ሙሉው ፎልደር አልከፈት ይላል። መብራቱ ሲመለስም ኃይሉ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከፍ ዝቅ ስለሚል ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል።

መፍትሔው ከሦስት ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ ራውተሩና ዲስኩ በስታቢላይዘር በኩል ይሰኩ። ሁለተኛ፣ ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ባትሪ ካለ ይጨመር፤ ራውተር የሚፈልገው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ባትሪው ለሰዓታት ሊያቆየው ይችላል። መብራት በሌለበት ማታ ስልኮች ከዲስኩ ትምህርት ማየት ይችላሉ ማለት ነው። ሦስተኛው ልማድ ነው። ብዙ ነገር የሚጻፍበት ሰዓት መብራት የሚረጋበት ይሁን፤ በሌላው ጊዜ ዲስኩ ለማንበብ ብቻ ይዋል።

ልብ ሊባል የሚገባ ምልክትም አለ። ዲስኩ ተሰክቶ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ እያሰማ የማይከፈት ከሆነ ወዲያው ይነቀል። አንዳንዴ ድምፁ የሕመም ነው። አንዳንዴ ግን የራውተሩ መሰኪያ በቂ ኃይል ስለማይሰጠው ሳህኑ ለመዞር አቅም አንሶት ነው። የራሱ የኃይል ገመድ ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ በመካከል ቢገባ ይድናል። ሲነቀልም በራውተሩ ገጽ ላይ «አስወጣ» የሚለውን አስቀድሞ መጫን ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ራውተሩን ማጥፋትና ከዚያ መንቀል።

በሩ ለማን ይከፈት

ሁሉም የሚገባበት ጎተራ ጠባቂ ይፈልጋል። ፍላሽ በየኮምፒውተሩ የሚዞርበት አገር ሾርትከት ቫይረስን የማያውቅ የለም፦ ፎልደሮች በሙሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው፣ እውነተኛዎቹ ተደብቀው ይገኛሉ። አንድ ኮምፒውተር ታሞ በቤቱ ኔትወርክ ከገባ የተጋራው ዲስክም ሊታመም ይችላል። ከዚህ የከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በቀናት ውስጥ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። የገባው ፋይል በሚጋራበት ቋንቋ አሮጌ፣ የመጀመሪያ ስሪት ውስጥ በነበረ ቀዳዳ ነው። ራውተሩ አሮጌውን ስሪት ለማጥፋት ምርጫ ከሰጠ ይጥፋ።

ቀላሉ መከላከያ ሁለት ስም ማውጣት ነው። አንደኛው ስም ማንበብ ብቻ ይፈቀድለት፤ ልጆች፣ እንግዶች፣ ቴሌቪዥኑ በእሱ ይግቡ። ሁለተኛው መጻፍም መሰረዝም ይችል፤ የይለፍ ቃሉን አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ይወቀው። በማንበብ ስም የገባ ቫይረስ ዲስኩ ላይ ምንም መጻፍ አይችልም፤ ሕፃን ልጅም የአያቱን ፎቶግራፍ ሳያውቅ አይሰርዝም። ጎረቤት ዋይፋይ ሲጠይቅ ደግሞ ራውተሩ ለእንግዳ የሚሰጠው የተለየ ኔትወርክ ካለው እሱን መስጠት ነው፤ ጉርብትናም ይጠበቃል፣ የቤት ምሥጢርም ይጠበቃል። ዲስኩን በኢንተርኔት ከውጭ የሚከፍተው ምርጫ ግን ተዘግቶ ይቆይ።

መጋራት ማስቀመጥ አይደለም

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ዲስክ በዋይፋይ ሲጋራ ብዙ ሰው «አሁን ሁላችንም ጋ አለ» ብሎ ይተማመናል። የለም። ሁሉም የሚያየው ያንኑ አንድ ዲስክ ነው። እሱ ሲሞት የሁሉም ይሞታል። ደግሞም ይሞታል፤ የሚዞር ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን መቆሙ አይቀርም።

ፊልምና ሙዚቃ ቢጠፋ ይተካል። የማይተካውን ግን ልብ እንበል። የአያት ድምፅ አለ፤ ስለ ድሮው የሐረና ቡናና ማር ሲያወጉ ልጅ በስልክ የቀዳው። የሠርግ ቪዲዮ አለ። የሞተ ሰው ፎቶግራፍ አለ። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። እነዚህ ቢያንስ በሁለት ዲስክ መኖር አለባቸው፤ አንደኛው ደግሞ በሌላ ቤት። በአንድ ጣሪያ ስር ያሉ ሁለት ቅጂዎች አንድ እሳት ወይም አንድ ሌባ ይበቃቸዋል።

ለባሌ ቤተሰብ ይህ አስቸጋሪ አይደለም፤ ዘመድ በደጋውም በቆላውም አለ። ያ ተማሪ እረፍቱ ሲያልቅ ወደ ሮቤ ይመለሳል። ከመሄዱ በፊት አንድ ማታ ሌላ ትንሽ ዲስክ ላፕቶፑ ላይ ይሰካና ያንን የማይተካውን ፎልደር ይቀዳበታል። ትልቁ ዲስክ አንገቱ፣ መደርደሪያው ላይ ይቀራል፤ እናት የሠርጉን ቪዲዮ የፈለጉ ቀን ይከፍቱታል፣ እህት ፊዚክሷን ታጠናበታለች። ትንሹ ዲስክ በሹራብ ተጠቅልሎ፣ ጠፍቶ፣ በሐረና ደን ሽቅብ፣ በሳነቴ ብርድ ውስጥ አልፎ ጎባ አክስት ቤት ይደርሳል። አክስት ሣጥናቸው ውስጥ፣ ከሽሮውና ከበርበሬው ርቆ፣ ከነጭ ነጠላቸው መሐል ያስቀምጡታል። በዓመት አንዴ፣ ልጁ በዚያ ሲያልፍ፣ አዲሱን ይጨምርበታል።